በእንግሊዝ በግላችሁ ስትሠሩ የሥራ ዕቃ ወጪን ከግብር ማስቀነስ

ለንደን ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች የምታስረክብ ሴት አለች እንበል። ለእንጀራው ብቻ የሚሆን ፍሪዘር በ800 ፓውንድ ገዛች። «ከታክስ ይቀነሳል» ሲባል ብዙ ሰው 800ው ተመልሶ የሚመጣ ይመስለዋል። አይመጣም። የሚቀነሰው ከትርፏ ላይ ነው። ትርፏ 25,000 ፓውንድ ከሆነ ከ800ው ላይ 20 በመቶ የገቢ ግብርና 6 በመቶ ናሽናል ኢንሹራንስ (ለመንግሥት የሚከፈል የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) ይቀርላታል፤ 208 ፓውንድ ማለት ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም።

መጀመሪያ ደረሰኝ። የሱቅ ደረሰኝ ቀለሙ ቶሎ ይለቃል፣ ስለዚህ በገዛችሁበት ቀን በስልክ ፎቶ አንሱት። ያገለገለ ዕቃ ከሰው እጅ ከገዛችሁ በባንክ ክፈሉ፤ ሻጩም ቀኑንና ዋጋውን ጽፎ ይፈርምላችሁ። አበሻ ለአበሻ በካሽ ሲገዛዛ ወረቀት መጠየቅ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠይቁ።

ቀጥሎ ዕቃው ምን ያህሉ ለሥራ እንደሚውል ወስኑ። ላፕቶፑ ላይ ማታ ልጆች ፊልም የሚያዩበት ከሆነ ሙሉውን ለሥራ ነው ማለት አይቻልም። 60 በመቶው ለሥራ ከሆነ ከ500 ፓውንድ 300ውን ብቻ ያዙ። ቁጥሩን እንዴት እንዳገኛችሁት ያኔውኑ ጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ብትጠየቁ ማን ያስታውሳል?

ከዚያ አንድ ነገር አወዳድሩ። ሕጉ ያለ ደረሰኝ 1,000 ፓውንድ ከገቢ ላይ ቀንሱ ይላል። እሱን ከወሰዳችሁ ግን የዕቃም ሆነ የሌላ ወጪ መቀነስ አትችሉም። የዓመቱ ወጪያችሁ ከ1,000 ካለፈ እውነተኛውን ወጪ ያዙ።

ከኤፕሪል 2024 ወዲህ፣ ሌላ ካልመረጣችሁ በቀር፣ ሒሳባችሁ «ካሽ ቤዚስ» በሚባለው፣ ገቢና ወጪ ገንዘቡ በተቀበላችሁበትና በከፈላችሁበት ቀን በሚመዘገብበት መንገድ ነው የሚሠራው። ለኛ ቢጤው ጥሩ ነው፤ ምጣዱም ኮምፒውተሩም የተከፈለበት ዓመት ወጪ ውስጥ ይገባል።

የቤት መኪና ግን ለብቻው ነው። ዋጋውን እንደ ምጣድ ወጪ ማድረግ አይቻልም። ቀላሉ መንገድ ለሥራ የነዳችሁትን ማይል መመዝገብ ነው፤ በ2025/26 የግብር ዓመት ለመጀመሪያው 10,000 ማይል በየማይሉ 45 ፔንስ፣ ከዚያ በላይ በየማይሉ 25 ፔንስ ይታሰባል። ነዳጅ፣ ኢንሹራንስና ጥገና እዚያው ውስጥ ስላሉ ደግማችሁ አትቀንሱ። ለሥራ የከፈላችሁትን ፓርኪንግ ግን መጨመር ትችላላችሁ። አንዴ በማይል ከጀመራችሁ ለዚያ መኪና መንገድ መቀየር አይቻልም።

ገቢና ወጪን ለግብር ቢሮ የሚያሳውቀውን ፎርም መሙላት እንደሚወራው አያስፈራም። የዓመቱ ሽያጫችሁ ከ90,000 ፓውንድ በታች ከሆነ ወጪውን ደምራችሁ በአንድ ቁጥር ማስገባት ትችላላችሁ። የ2025/26 ፎርም በኢንተርኔት እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2027 ይገባል። አዲስ ጀማሪ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ፣ እስከ ኦክቶበር 5 ቀን 2026፣ ግብር ቢሮው ዘንድ ተመዝገቡ። ደረሰኞቹን እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2032 እንዳትጥሉ።

ጋጋሪዋ ከሦስት ዓመት በኋላ ፍሪዘሩን በ200 ፓውንድ ብትሸጠው፣ ያ 200 የዚያ ዓመት ገቢዋ ላይ ይደመራል።