የእጅ ዋጋ ላይ ትርፍ እንዴት ይሰላል? (የሒሳብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪን ከመክፈትዎ በፊት)

«ደመወዙን እጥፍ አድርጌ ነው የማስከፍለው።» ደብረ ብርሃን ውስጥ ሒሳብ የምሠራላቸውን የጋራዥና የብረታ ብረት ቤት ባለቤቶች ስለ እጅ ዋጋ ስጠይቅ ቶሎ የሚመጣው መልስ ይኼ ነው። እጥፍ ሲባል ብዙ ይመስላል። ቁጥሩ ውስጥ ሲገባ ግን ኪሳራ ሆኖ ይገኛል። ምሳሌው የጋራዥ ቢሆንም ለእንጨት ሥራም ያው ነው።

መጀመሪያ ወረቀትና ካልኩሌተር ይያዙ። ወር 8,000 ብር የሚከፈለው አንድ መካኒክ አለ እንበል። አሠሪው ለጡረታ 11 በመቶ ይጨምራል፤ 880 ብር መሆኑ ነው። ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ ከራሱ ደመወዝ ስለሚወጣ እዚህ አይደመርም። በዓመት 106,560 ብር ይመጣል። ምሳ ወይም የትራንስፖርት አበል ካለ እዚሁ ላይ ይግባ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ፣ ሰዓቱ ላይ ነው። በሳምንት 48 ሰዓት በዓመት 2,496 ሰዓት ይሆናል። ይህ ግን የሚከፍሉበት ሰዓት እንጂ የሚያስከፍሉበት አይደለም። በሕጉ የመጀመሪያው ዓመት የዕረፍት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ስለሆነ 128 ሰዓት ይቀነሳል። ለበዓላት 12 ቀን ብንይዝ ሌላ 96 ሰዓት ይሄዳል። የቀረው 2,272 ነው።

እሱም ሁሉ ደንበኛ ላይ አይወጣም። ጣርማ በርን ከመውረዱ በፊት ፍሬኑን ሊያሳይ የገባ አይሱዙ ጎማው ይፈታል፣ የፍሬኑ ሸራ አልቋል። ከተማው ውስጥ የሸራው ልክ ከጠፋ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መካኒኩ ሻይ ቤት ነው። መብራት ሲጠፋ ብየዳው ይቆማል። ጠዋት ጋራዡ ይጠረጋል። ለእነዚህ ሰዓቶች ማንም ደንበኛ አይከፍልም፤ ደመወዙ ግን ይከፈላል። ስንቱ እንደሚባክን በግምት አይወሰን። ለአንድ ወር እያንዳንዱ መካኒክ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት የሥራ ካርድ ላይ ይጻፍ። «የእኔ ልጆች ቁጭ አይሉም» የሚል ባለቤት ካርዱን ሲያይ ነው የሚደነግጠው።

ለምሳሌያችን ሩቡ ባከነ እንበል። 1,704 ሰዓት ይቀራል። 106,560ን ለ1,704 ሲያካፍሉ የአንዱ ሰዓት ወጪ 63 ብር ገደማ ነው። ደመወዙን ብቻ ለ208 የወር ሰዓት (2,496 ለ12 ሲካፈል) ያካፈለ ሰው ግን 38 ብር ከ46 ሳንቲም ያገኛል።

ኪራይ፣ መብራት፣ ጥበቃ ተደምሮ ለአንድ መካኒክ በወር 5,000 ብር ከደረሰው፣ የዓመቱ 60,000 ለ1,704 ሲካፈል በሰዓት 35 ብር ይጨመራል። 98 ሆነ። እጥፍ አስከፋዩ የ38 ብር ከ46ን እጥፍ፣ 77 ብር፣ ሲቀበል በየሰዓቱ 21 ብር ከኪሱ እየጨመረ ነው።

አሁን ትርፍ። 98 ላይ 30 በመቶ ቢጨምሩ 127 ብር ከ40 ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ ትርፉ ግን 23 በመቶ ብቻ ነው። ከሚቀበሉት ገንዘብ 30 በመቶ እንዲተርፍ ከፈለጉ 98ን ለ0.70 ያካፍሉ፤ 140 ብር። የትኛውን እንደፈለጉ ሳይለዩ ሶፍትዌሩ ውስጥ 30 ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም።

ፒችትሪ ላይ የእጅ ሥራውን አክቲቪቲ አይተም (በሰዓት የሚሸጥ ሥራ) አድርገው በ140 ይመዝግቡ። ታይም ቲኬት (የሰዓት መመዝገቢያ ቅጹን) ሲሞሉ የሒሳቡ ዓይነት አክቲቪቲ ሬት (ለሥራው የተመዘገበው ዋጋ) ይሁን። ደረሰኝ ሲያዘጋጁ አፕላይ ቲኬትስ (ሰዓቶቹ ወደ ደረሰኙ የሚገቡበት መስኮት) ውስጥ በመቶኛ ትርፍ የሚጨመርበት ቦታ አለ፤ አይንኩት። 140 ላይ ትርፉ ስላለ ሁለቴ ይቆለላል። ደንበኛውም ዋጋው መብዛቱን ማወቁ አይቀርም፤ ሹፌር ጎረቤት ጋራዥ ጠይቆ ነው የሚመጣው። ኩዊክቡክስ ዴስክቶፕ በሚባለው ሌላ የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ መቶኛው ያለው በወጪዎች ትር እንጂ በሰዓቱ አይደለም፤ ስለዚህ እዚያም ዋጋው ውስጥ መክተት ነው። በግሌ ይኼኛውን መንገድ እመርጣለሁ፤ ደረሰኝ ላይ ትርፍ ተብሎ የተጻፈ መስመር ክርክር ብቻ ነው የሚያመጣው።

የመለዋወጫ ትርፍ ለብቻው ይሰላል። ቫት ተመዝጋቢ ከሆኑ 15 በመቶው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ 140 ብሩ 161 ይሆናል፣ 21ዱ ግን የእርስዎ አይደለም።

የትርፍ ሰዓት ሥራ ካለ ሌላ አይተም ይክፈቱለት። በሕጉ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ ነው የሚከፈለው። እሑድ የመጣን መኪና በ140 መሥራት አያዋጣም።