ማይክሮባዮሎጂ ላብ ላይ ነገር ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ላብ ላይ ውጤት ሲበላሽ መጀመሪያ ሚወቀሰው ባክቴሪያው ነው፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ ከዛ ኢንኩቤተሩ (ባክቴሪያው ሚበቅልበት የሙቀት ሳጥን)፣ እጃችን ግን መጨረሻ ላይ ነው ሚጠረጠረው፣ አብዛኛው ችግር ደሞ ከዛው ነው ሚመጣው። ስለዚ ፕሌቱን (ባክቴሪያ ሚዘራበትን ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሳህን) ጥላችሁ እንደ አዲስ ከመጀመራችሁ በፊት ረጋ ብላችሁ እዩት፣ የቱ ጋ እንደተሳሳታችሁ እሱ ራሱ ያሳያችኋል።

ነጠላ ኮሎኒ የለም፣ ሁሉም ተያይዞ በቅሏል

የጀማሪ ሁሉ ችግር ነው (ኮሎኒ ማለት ባክቴሪያ ተባዝቶ በአይን ሚታይ ነጥብ ሲሆን ነው)። ወይ ከፕሌቱ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስትሄዱ ሉፑን (ጫፉ ቀለበት የሆነውን የባክቴሪያ ማንሻ ሽቦ) እሳት ላይ አላቃጠላችሁትም፣ ወይ ደሞ መጀመሪያ ያነሳችሁት ባክቴሪያ በዝቷል (ሉፑ ጫፍ ላይ በአይን ሚታይ ክምር ካለ በዝቷል፣ ኮሎኒዋን ነካ ማድረግ በቂ ነው)። የስትሪክ (ባክቴሪያውን በሉፕ ፕሌቱ ላይ በመስመር የመዝራት) አላማ መቀባት አይደለም፣ እያሳሱ መሄድ ነው። ሁለተኛውን ክፍል ስትጀምሩ ሉፑ እስኪቀላ ይቃጠል፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዛ የመጀመሪያውን ክፍል ጫፍ አንዴ ሁለቴ ብቻ አቋርጣችሁ ወደ ባዶው ቦታ ጎትቱት፣ ሶስተኛውም አራተኛውም እንደዛው፣ የመጨረሻው መስመር ዞሮ የመጀመሪያውን ክፍል ከነካ ግን ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

የመጀመሪያው ክፍል በደንብ በቅሎ ሁለተኛው ጭራሽ ባዶ ከሆነስ? ሉፑ ሳይቀዝቅዝ ገብቶ ገድሎታል፣ ወይ ደሞ የመጀመሪያውን ክፍል ሳትነኩ ነው ያለፋችሁት። አጋሩን (ፕሌቱ ውስጥ የረጋውን የባክቴሪያ ማብቀያ) ስትነኩ ጭስስ ካለ ትኩስ ነበር ማለት ነው። ማቀዝቀዣ ዘዴው ጥቂት ሰከንድ መጠበቅና ባክቴሪያ ያልነካው የአጋሩ ጠርዝ ላይ ነካ ማድረግ ነው፣ እፍ ማለትና በአየር ላይ ማወዛወዝ አይሰራም፣ እንደውም ያቃጠላችሁትን መልሶ ያቆሽሸዋል። አጋሩ ከተሰነጠቀ ደሞ ጫና በዝቷል፣ ሉፑን እንደ እርሳስ ላላ አድርጋችሁ ያዙትና አጋሩ ላይ አንሸራቱት።

ያልዘራችሁት ነገር በቅሏል

ኮሎኒው መስመሩ ላይ ካለ ምናልባት የናንተው ነው፣ ከመስመሩ ውጪ ብቻውን ቁጭ ካለ ግን እንግዳ ነው፣ ፀጉራም ከሆነ ደሞ ሻጋታ ነው። እዚጋ ትልቁ ጥያቄ ከየት መጣ ነው፣ ይሄን ለማወቅ ደሞ ምንም ያልተዘራበት ፕሌት ከሌሎቹ ጋር ኢንኩቤተር ውስጥ ማስገባት ነው። ባዶው ፕሌትም ካበቀለ ሚዲያው (የባክቴሪያው ምግብ) ወይ አፈሳሱ ላይ ነው ችግሩ፣ ባዶው ንፁህ ሆኖ የናንተ ብቻ ከቆሸሸ ስትሰሩ ነው የገባው። ብዙ ሰው ይቺን አንድ ፕሌት ለመቆጠብ ብሎ ይዘላታል፣ ከዛ ምክንያቱን በግምት ሲፈልግ ይከርማል።

ስትሰሩ ክዳኑን በአንድ በኩል ብቻ ከፈት አድርጉ፣ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፣ ፕሌቱ ላይ አታውሩ፣ መስኮትና ፋን ይዘጋ፣ በርነሩ (የላብ የጋዝ እሳት) አጠገብ ስሩ ምክንያቱም ሙቀቱ አየሩን ወደ ላይ ስለሚያነሳው አቧራው ፕሌቱ ላይ ሚያርፍበት እድል ይቀንሳል። ሻጋታ ያለበትን ፕሌት ደሞ ከፍታችሁ እንዳታሸቱ፣ ስፖሩ (የሻጋታው ዘር) ላብራቶሪውን ሁሉ ያዳርሳል።

ኮሎኒዎቹ ውሀ ላይ እንደተንሳፈፉ ተዘርግተው ከተቀላቀሉ ፕሌቱን ሳትገለብጡት ነው ኢንኩቤተር ያስገባችሁት፣ ክዳኑ ላይ የያዘው የውሀ ጤዛ ተንጠባጥቧል። አጋሩ ያለው ወገን ወደ ላይ ይሁን። ስምና ቀንም አጋሩ ያለበት ወገን ላይ ይፃፍ፣ ክዳን ይቀያየራል። ጤዛው ከመጠን በላይ ከሆነ አጋሩ በጣም ትኩስ እያለ ነው የፈሰሰው፣ 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አፍስሱት፣ ከ40 በታች ካልወረደ አይረጋም፣ ስለዚ አትቸኩሉ።

ግራም ስቴይን፦ ሁሉም ሮዝ ሆነ፣ ወይ ሁሉም ወይንጠጅ ሆነ

ግራም ስቴይን ባክቴሪያን በቀለም በሁለት ሚለይ ምርመራ ነው፣ ግራም ፖዘቲቩ ወይንጠጅ፣ ግራም ኔጋቲቩ ሮዝ ይሆናል። ግራም ፖዘቲቭ መሆን ያለበት ሮዝ ከሆነ መጀመሪያ አልኮሉን (ቀለም ማጠቢያውን) ጠርጥሩ። ክሪስታል ቫዮሌት (ወይንጠጁ ቀለም) 1 ደቂቃ፣ አዮዲን 1 ደቂቃ፣ ሳፍራኒን (ሮዙ ቀለም) ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ፣ እነዚ ላይ ትንሽ ብትዘገዩ ብዙም አይጎዳም፣ ከአዮዲኑ ቀጥሎ ሚገባው አልኮል ላይ ግን ሴኮንዶች ናቸው ውጤቱን ሚቀይሩት። ስላይዱን (ባክቴሪያው የተቀባበትን መስታወት) ዘንበል አድርጋችሁ ጠብ ጠብ አድርጉበት፣ ሚወርደው ፈሳሽ ቀለም ማጣት ሲጀምር ወዲያው በውሀ እጠቡት። አልኮሉ ከቆየ የግራም ፖዘቲቩ ወፍራም ግድግዳ የያዘውን ቀለም ጭምር ያወጣዋል። አዮዲኑን ከረሳችሁም ያው ነው፣ ቀለሙን ሚያስረው እሱ ነው። አልኮሉ ልክ ከነበረ ደሞ የካልቸሩን (ያበቀላችሁትን ባክቴሪያ) እድሜ ጠይቁ፣ ከ24 ሰአት ያለፈ ግራም ፖዘቲቭ ግድግዳው እየደከመ ሮዝ ሊመስል ይችላል፣ ይሄንን ምንም አይነት ጥሩ እጅ አያስተካክለውም፣ ትኩስ ካልቸር ነው ሚያስፈልገው።

ሁሉም ወይንጠጅ ከሆነ ደሞ ወይ አልኮሉ አንሷል ወይ ስሚሩ (ስላይዱ ላይ የተቀባው ባክቴሪያ) ወፍሯል። ስሚሩ ሲደርቅ ስስ ነጭ ጥላ ብቻ ነው መምሰል ያለበት። ጥርጣሬውን በአንዴ ሚገላግላችሁ አንዱ ስላይድ ላይ ከናንተው ባክቴሪያ ጎን የታወቀ ኢ. ኮላይና የታወቀ ስታፊሎኮከስ ለየብቻ መቀባት ነው፣ ኢ. ኮላይው ሮዝ ስታፊሎኮከሱ ወይንጠጅ ካልሆኑ የናንተውን ውጤት ማመን አይቻልም።

ስላይዱ ታጥቦ ባዶ ከሆነ ስሚሩ በደንብ ሳይደርቅ ነው እሳት የነካው፣ ወይ ጭራሽ በእሳት አላለፈም፣ ወይ ስላይዱ የጣት ቅባት ነበረው። በሙሉ ይድረቅ፣ ከዛ ነበልባሉ ላይ ሁለት ሶስቴ ሳብ፣ ከዛ በላይ ካሞቃችሁት ሴሎቹ ቅርፃቸው ይበላሻል።

ማይክሮስኮፕ ላይ ምንም አይታይም

ቀጥታ 100 እጥፍ ሚያጎላው ሌንስ ላይ ነው የሄዳችሁት። ከ10 ጀምሩ፣ ፎከስ አድርጉ፣ ወደ 40፣ ከዛ ሌንሱን ገለል አድርጋችሁ አንድ ጠብታ ኦይል (ለ100ው ሌንስ ሚሆን ዘይት)፣ ከዛ 100። ኦይል ካደረጋችሁ በኋላ ወደ 40 አትመለሱ፣ ሌንሱ ይቆሽሻል። አሁንም ካልታየ ስላይዱ ተገልብጦ ይሆናል፣ ይሄ ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል።

አደጋ ነክ ነገሮች

ሉፑ ሲቃጠል ፍንጥር ካለ በባክቴሪያ የረጠበውን ጫፍ በአንዴ ነበልባሉ ውስጥ ከታችሁታል፣ ፍንጣሪው ህይወት ያለው ባክቴሪያ ይዞ አየር ላይ ይበተናል። ከሽቦው ላይኛ ክፍል ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ጫፉ አምጡት።

የአልኮል ቢከር (የላብ ብርጭቆ) እሳት ከያዘ ውሀ አታፍሱ፣ እፍ አትበሉ፣ በማይቀጣጠል ክዳን ክደኑት። ጠረጴዛ በአልኮል ከጠረጋችሁ ሳይደርቅ በርነር አይለኮስም። አልኮሉ ደሞ 70 ፐርሰንት ይሁን፣ 95ቱ ይበልጣል ሚለው ስህተት ነው፣ ፕሮቲኑን ለማበላሸት ውሀም ያስፈልጋል፣ 95ቱ ደሞ ቶሎ ይተናል።

ካልቸር ከፈሰሰ መጀመሪያ ለአስተማሪው ንገሩ፣ በወረቀት ሸፍኑት፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሀ በጥብጣችሁ ከዳር ወደ መሀል አፍስሱ፣ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ስባሪ ካለ በእጅ ሳይሆን በመቆንጠጫ ይነሳ። በረኪና የነካው ነገር አውቶክሌቭ (በእንፋሎትና በግፊት ጀርም ሚገድል ማሽን) ውስጥ አይገባም፣ አደገኛ ጋዝ ያወጣል።

አውቶክሌቭ ውስጥ ጠርሙስ ከፈነዳ ክዳኑ ጥብቅ ነበር፣ ላላ ይበል። ሚዲያው ገንፍሎ ከፈሰሰ ደሞ ወይ ጠርሙሱ ከመጠን በላይ ሞልቷል ወይ እንፋሎቱ በጥድፊያ ተለቋል። ለሚዲያ የተለመደው 121 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ ነው፣ ብዛት ያለው ፈሳሽ ከሆነ ግን እስከ መሀሉ እስኪሞቅ ረዘም ይላል። እቃው ላይ ሚለጠፈው አመልካች ቴፕ ጠቆረ ብላችሁ ሙሉ በሙሉ ፀድቷል አትበሉ፣ ቴፑ ሚያሳየው ሙቀት እንደነካው ብቻ ነው፣ በትክክል መስራቱን ሚያረጋግጠው ሙቀት ሚቋቋም የጂኦባሲለስ ባክቴሪያ ስፖር ያለበት ማሳያ አብሮ ገብቶ ከወጣ በኋላ አለመብቀሉ ነው።