ሐዋሳ ላይ ችግኝ ሲተከል የሚደጋገሙ ስህተቶች

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር ችግኝ ይዞ የሚወጣው ብዙ ነው። ቆጠራው ግን በተተከለው ላይ ያተኩራል፤ የጸደቀው ስንት ነው የሚለው ኋላ ይቀራል። ከደረቀው ውስጥ ደግሞ በተተከለበት ቀን የተበላሸ አለ።

ከነፕላስቲኩ መትከል። ከሁሉም የከፋው ይኸው ነው። ሰው ሲበዛና ሲቻኮል ችግኙ እንዳለ ጉድጓድ ይገባል፤ ወይ ፕላስቲኩ ከታች ብቻ ቀደድ ተደርጎ ይተዋል። ሥሩ መውጫ ሲያጣ እዚያው ይጠመጠማል። ዛፉ ሁለት ሦስት ዓመት ለምልሞ ይታይና አንድ ቀን ነፋስ ይጥለዋል። ከመትከልዎ አንድ ሰዓት አስቀድመው ውሃ ያጠጡት፤ አፈሩ ሳይፈርስ ይወጣል። ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀው ይግፈፉት እንጂ ግንዱን ይዘው አይጎትቱ። ከታች የተጠቀለለ ሥር ካዩ ጫፉን ይቁረጡ። ፕላስቲኩን ይዘው ይመለሱ፤ እዚያው ከጣሉት ጎርፍ ወደ ሐይቁ ይነዳዋል፣ ሐይቁ ደግሞ የገባበትን ጠርጎ የሚያወጣ ወንዝ የለውም።

ጠባብ ጉድጓድ። ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ቢቆፈር ዝናብ ይጠጣል። ሲቆፍሩ የላይኛውን አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛውን በሌላ በኩል ያድርጉ፤ ሲመልሱ የላይኛው ወደ ሥሩ ይግባ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላልና የበሰበሰ ብቻ ይጨምሩ።

አንገቱን መቅበር። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን። ከተቀበረ ቅርፊቱ ይበሰብሳል፣ ከፍ ካለ ሥሩ ፀሐይ ይመታዋል።

ቦታ ሳይመርጡ መትከል። ዋርካና ሾላ ለሐይቁ ዳር ግርማ ናቸው፤ ከግቢ አጥር ሥር ከተተከሉ ግን ግንብ ይሰነጥቃሉ። ባህር ዛፍ በጥቁር ውሃ ወንዝ ዳር ባይተከል ይመረጣል፣ ረግረጉን ያደርቃል። እንደ ታቦር ተራራ ባለ ተዳፋት ላይ ከችግኙ በታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ክትር ይሥሩ፤ ያለዚያ ዝናቡ አልፎት ይወርዳል።

ዘግይቶ መትከል። የሐምሌ ችግኝ ዝናቡ ሳያቆም ሥር ይሰዳል፤ የመስከረሙ ገና ሳይቆናጠጥ ደረቁ ወር ይደርስበታል።

ተክሎ መርሳት። ከጥቅምት ጀምሮ በሳምንት አንዴ ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም 10 ሊትር ያህል፣ ቀስ እያሉ ያፍስሱ። በየቀኑ ማርከፍከፍ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ፍየል ካለ በእሾህ አጥር ይክለሉት። ዙሪያውን ገለባ ይጎዝጉዙለት፤ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ከነካው ምስጥ ይጠራል።