የጉበት ሴልን በኮላጅን መሃል እንዴት እናኖራለን?

የጉበት ሴል አመለኛ ነው። ባዶ ፕላስቲክ ላይ ሲያስቀምጡት መጀመሪያ ደህና ይመስላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ጠፍጣፋ ይሆንና አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን ማምረቱን ይተዋል። ቆዳንና ጅማትን ከሚያጠነክረው ፕሮቲን፣ ከኮላጅን፣ በተሠራ በሁለት ጄል መሃል ካስተኙት ግን ለሳምንታት ሥራውን ይሠራል። ይህ «ሳንድዊች» የሚባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የታወቀ ነው። «ማሳደግ» ከማለት «ማኖር» ማለቱ ይሻላል፤ በቀጥታ ከጉበት የወጣ ሴል ላብ ውስጥ ብዙም አይባዛም።

ለመለማመድ ሄፕ ጂ 2 የሚባለውን የካንሰር ሴል ተጠቀሙ። ይባዛል፣ ስህተትም ይችላል። ከአይጥ ጉበት ሴል ማውጣት ፈቃድም ሙያም ስለሚጠይቅ እዚህ አልገባበትም።

መጀመሪያ ዕቃውን አጽዱ። እኛ ያለንባት ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ማፍላት ብቻውን አያጸዳም። በግፊት እንፋሎት የሚያጸዳውን አውቶክሌቭም በግፊት መለኪያው ብቻ አትመኑት፤ 121 ዲግሪ መድረሱን በቴርሞሜትሩ እዩ። ኮላጅኑን ግን እንዳታስገቡት፣ ጄላቲን ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ኮላጅን የሚመጣው ቀጭን አሲድ ውስጥ ሟሙቶ ነው። አሲዱን ስታመክኑትና ስታሞቁት ይረጋል። የቅልጥም መረቅ ሲቀዘቅዝ እንደሚረጋው አይደለም፣ ተቃራኒው ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያውን ጄል «ይርጋ» ብዬ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ያው ውሃ ነበር። ሁለተኛው ቀን ባሰ። መብራት ሄዶ በረዶ አልነበረም፤ «ቶሎ ቶሎ እሠራዋለሁ» አልኩና ቀላቀልኩት። ፒፔቱን ሳነሳ ቱቦው ውስጥ ረግቶ ጠበቀኝ። ያን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ቆሻሻ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ከዋዜማው በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አቀዘቅዛለሁ። በረዶ ከሌለ ሥራውን ለነገ ነው የማደርገው።

10 ሚሊ ሊትር ለመሥራት፣ በሊትሩ 3 ግራም ኮላጅን ካለው ፈሳሽ 5 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ቱቦውንና የፒፔቱን ጫፎች ሳይቀር በረዶ ላይ አቆዩ። መጀመሪያ 3.885 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ቀጥሎ 1 ሚሊ ሊትር አሥር እጥፍ የወፈረ ሚዲያ (ሴሉ የሚመገበው ፈሳሽ)፣ ከዚያ 115 ማይክሮ ሊትር 1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (አሲዱን የሚያመክነው ሶዳ) ጨምሩ። ኮላጅኑ መጨረሻ ላይ ይገባል። ሚዲያው ፌኖል ሬድ፣ ማለትም በአሲዱ መጠን ቀለሙን የሚቀይር ማቅለሚያ፣ ያለበት ይሁን፤ እኔ ከፒኤች ወረቀት ይልቅ ዓይኔን አምናለሁ። ቢጫ ከሆነ ገና አሲድ ነው፣ አይረጋም። ደብዘዝ ያለ ሮዝ ከሆነ ልክ ነው። ደማቅ ሐምራዊ ካሳየ ሶዳው በዝቷልና ሴሉን ይጎዳል። ቀስ ብላችሁ አዋህዱ፤ አረፋ ከገባ ጄሉ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ቮርቴክስ የሚባለውን ማሽን እርሱት።

ባለ 24 ጉድጓድ ፕሌት ላይ በየጉድጓዱ 250 ማይክሮ ሊትር ጨምሩና 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ለ45 ደቂቃ ተዉት። እርጎ እየረጋ ዕንስራውን ማን ይነቀንቃል? በየአምስት ደቂቃው በሩን እየከፈቱ ማየት አያስፈልግም።

ከዚያ ሴሎቹን በትሪፓን ብሉ ቁጠሩ። ሰማያዊ የሆነው የሞተ ነው። በየጉድጓዱ 200,000 ያህል በሕይወት ያሉ የጉበት ሴሎች ዝሩ። ሄፕ ጂ 2 ከሆነ ስለሚባዛ በጣም ያነሰ ይበቃዋል። አሳድሩት። በማግስቱ ሚዲያውን በቀስታ ምጠጡና፣ በአዲስ የቀላቀላችሁትን ቀዝቃዛ ጄል 250 ማይክሮ ሊትር ከላይ ጨምሩ። ፒፔቱን ከጉድጓዱ ግድግዳ አስጠግታችሁ አፍስሱ፤ መሃል ላይ ከጣላችሁት ሴሉ ተጠራርጎ ጥግ ይይዛል። አንድ ሰዓት ካረጋችሁት በኋላ ሚዲያ ጨምሩ። በየቀኑ ቀይሩለት፤ የወጣውን ሚዲያ አትድፉት፣ አልቡሚንና ዩሪያ የሚለካው ከእሱ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በማይክሮስኮፕ ስታዩ ሴሎቹ ባለብዙ ማዕዘን ሆነው፣ በመካከላቸው ብሩህ መስመር ይታያል። እሱ የሐሞት መተላለፊያ ነው።