ሰዓቱ 178 ካለ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን ጠርጥሩ

ጀማሪ ከጓደኛው ጋር እያወራ ቀስ ብሎ ሲሮጥ የእጅ ሰዓቱ የልብ ምትህ በደቂቃ 178 ነው ይለዋል። ወይ ደንግጦ ያቆማል፣ ወይ «ዛሬስ ሠራሁ» ብሎ ይኮራል። ሰዓቱ የቆጠረው ግን እርምጃውን ነው። ከጀርባው ያለው አረንጓዴ መብራት ከቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም ይከታተላል፤ ማሰሪያው ላልቶ ሲወዛወዝ የክንድ እንቅስቃሴ የደሙን ምልክት ይውጠዋል። ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ጊዜ ስለሚረግጥ፣ ቁጥሩ የልብ ምት መስሎ ያልፋል። ለማጣራት ቆም ብላችሁ ወዲያው ሁለት ጣት አንገታችሁ ላይ አሳርፉ፣ 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ። 34 ከቆጠራችሁ 136 ነው፤ የሰዓቱን እርሱት። ሰዓቱን ከእጅ አንጓ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጉት። በብርድ ጠዋት ደም ከቆዳ ስለሚሸሽ እጅጌ ልበሱበት።

የደረት ቀበቶ ከዚህ ሁሉ ይገላግላል፤ በደረቁ ግን አይታሰርም። የሚያነበው የልብን ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ላብ እስኪመጣ አንዴ 210፣ አንዴ ባዶ ያሳያል። ቆዳ የሚነካውን ክፍል በውሃ አርጥቡት። ስትጨርሱ ማስተላለፊያውን ንቀሉት፤ እርጥብ ቀበቶ ላይ ከተረሳ ደረት ላይ ያለ መስሎት ባትሪውን ይጨርሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት፦ ከፍተኛ የልብ ምትን ለመገመት የሚሠራበት «220 ሲቀነስ ዕድሜ»። ይህ የብዙ ሰው አማካይ እንጂ የእናንተ ልብ አይደለም፤ ከ10 እስከ 12 ምት ወደ ላይም ወደ ታችም መሳቱ የተለመደ ነው። ብዙ ሰዓቶች ግን ይህ ስሌት ተሞልቶባቸው ይመጣሉ፣ ሰዉም ሳይነካው ዓመት ሙሉ ይሮጥበታል። የ40 ዓመት ሰው እንውሰድ። ስሌቱ ከፍተኛ ምትህ 180 ነው ይለዋል፤ ለቀላል ሩጫ የሚሰጠው ከ60 እስከ 70 በመቶ ሲሰላ ከ108 እስከ 126 ይሆናል። መሮጥ ሲጀምር ሰዓቱ ይጮህበታል፣ ይራመዳል፤ ሲሮጥ እንደገና ይጮህበታል። በወሩ «ሩጫ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ጫማውን ይሰቅላል። የዚህ ሰው እውነተኛ ከፍተኛ ምት 192፣ የዕረፍት ምቱ 56 ቢሆንስ? ከ192 ላይ 56 ቀንሱ፣ 136 ይቀራል። የ136ን 60 እና 70 በመቶ አውጡና በየአንዳንዱ 56 ደምሩ፦ ከ138 እስከ 151። ያ ሰው ሲከለከል የከረመው በቀላሉ ሊሮጥበት የሚችለውን ክልል ነው።

ከፍተኛውን ለማግኘት 15 ደቂቃ አሟሙቁ፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል የሚፈጅ ዳገት ሦስት ጊዜ ውጡ፣ ሦስተኛውን ምንም ሳትቆጥቡ። በቀበቶው የታየው ትልቁ ቁጥር ለሥራ ይበቃል። ደም ግፊት ወይም የደረት ሕመም ያለበት፣ ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የቆየም ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይሞክረው። እንደ አቴኖሎል ያለ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ፣ መድኃኒቱ ራሱ ምቱን ስለሚይዘው ስሌቱን ተዉት፤ እያወራችሁ መሮጥ መቻላችሁን ለኩ። ለቁጥር ብሎ መድኃኒት ማቆም የለም።

የ200 ሜትር ፍጥነት በልብ ምት አይመራም። ልብ እስኪደርስ ሩጫው አልቋል፤ የፈጀባችሁን ሰከንድ ለኩ።

የሩጫን ክልል ለብስክሌት አትጠቀሙ፤ ብስክሌት ላይ ምቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዝቅ ይላል።

በረጅም ሩጫ ፍጥነታችሁ ሳይለወጥ ምቱ እየጨመረ ቢሄድ አትደናገጡ። ሰውነት ሲሞቅና ውሃ ሲጎድለው ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም ስለሚቀንስ በብዛት ያካክሳል። ቀኑ የቀላል ሩጫ ከሆነ ፍጥነቱን ቀንሱ እንጂ ከቁጥሩ ጋር አትታገሉ።

ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት መጥቶ በነጋታው እንጦጦ ላይ የለመደውን ፍጥነት የሚፈልግ አይጠፋም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ወደ 3,000 ይጠጋል። ኦክስጅን ሲሳሳ በዚያው ፍጥነት ልብ ብዙ ይመታል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፍጥነቱን ሸፍናችሁ የልብ ምቱን ብቻ እያያችሁ ሩጡ፤ መለኪያው ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው።

የዕረፍት ምት ከቡና በኋላ አይለካም። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ ለኩና ጻፉት። ከተለመደው 8 ወይም 10 ምት ከፍ ብሎ ሁለት ጠዋት ከቆየ፣ የዚያን ቀን የፍጥነት ልምምድ በእግር ጉዞ ቀይሩት።