የኢንጂነሪንግ ዲግሪ በሊበራል አርትስ ኮሌጅ፦ ዓላማውን መጻፍ፣ አፈጻጸሙን መከታተል

በአሜሪካ የራሳቸው የኢንጂነሪንግ ዲግሪ ያላቸው ሊበራል አርትስ ኮሌጆች (በዋናነት ለመጀመሪያ ዲግሪ ከብዙ መስክ የተውጣጣ ሰፊ ትምህርት የሚሰጡ ኮሌጆች) ጥቂት ናቸው፤ ስዋርትሞር፣ ስሚዝ፣ ሃርቪ ማድ፣ ላፋዬት፣ ትሪኒቲ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ሌሎች ብዙዎቹ የሚያቀርቡት "ሦስት ሲደመር ሁለት" የሚባለውን መንገድ ነው። ተማሪው ሦስት ዓመት በኮሌጁ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ፋኩልቲ ተምሮ ሁለት ዲግሪ ይይዛል። የኢንጂነሪንጉ ጥራት ያኔ የሁለተኛው ተቋም ኃላፊነት ስለሆነ እሱን እዚህ አናነሳውም። የሚከተለው አራቱንም ዓመት ራሱ ለሚያስተምር ትንሽ የትምህርት ክፍል፣ ማለትም ለኃላፊውና ለካሪኩለም ኮሚቴው ነው። አገር ቤት ለውጭ እውቅና ሰነድ የሚያዘጋጁ መምህራንም ብዙውን እንዳለ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

መጀመሪያ የክሬዲቱ ሂሳብ

ዓላማ ከመጻፋችሁ በፊት ቦታ መኖሩን አረጋግጡ። ኤቤት (ABET) የተባለው እውቅና ሰጪ ድርጅት በኢንጂነሪንግ ኮሚሽኑ በኩል በመስፈርት 5 ላይ ቢያንስ 30 ሴሚስተር ክሬዲት ሰዓት ሒሳብና መሠረታዊ ሳይንስ፣ ቢያንስ 45 ሰዓት የኢንጂነሪንግ ትምህርት ይጠይቃል። በዚህ ላይ ቴክኒካዊውን የሚያሟላ ሰፊ ትምህርትና አንድ ትልቅ የማጠቃለያ ዲዛይን ሥራ አለ። ሰፊው ትምህርት ለሊበራል አርትስ ኮሌጅ አያስቸግርም። ችግሩ ሌላው ነው።

ስዋርትሞርን እንውሰድ። ተማሪው ለመመረቅ 32 ክሬዲት ይወስዳል፤ ከእነዚህ 20ው ከዋና ትምህርቱ ውጭ እንዲሆኑ ኮሌጁ ያስገድዳል። ለኢንጂነሪንጉ የሚተርፈው 12 ነው። ከ20ው ውስጥ ደግሞ 8ቱ ለሒሳብና ለሳይንስ ይያዛሉ። አንዱን ክሬዲት በ4 ሴሚስተር ሰዓት ብናሰላው ኢንጂነሪንጉ 48፣ ሒሳብና ሳይንሱ 32 ይሆናል። ከዝቅተኛው መስፈርት ያለው ትርፍ 3 እና 2 ሰዓት ብቻ ነው፤ አንድ ኮርስ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ አንድ ሴሚስተር ውጭ አገር የተማረ ልጅ ሦስት የሒሳብና የሳይንስ ኮርሶችን 3 ሰዓት በሚይዙ ኮርሶች ቢተካ 29 ላይ ይቆማል። ዲግሪውን ኮሌጁ ይሰጠው ይሆናል፤ ፕሮግራሙን ሊመዝን የሚመጣው የኤቤት ገምጋሚ ግን ትራንስክሪፕቱን ሲያገላብጥ ያገኘዋል። አንድም ምሩቅ ቢሆን ከመስፈርቱ በታች ከወጣ ጉድለቱ የፕሮግራሙ ነው። መፍትሔው ቀላልና አሰልቺ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ የሰዓት መቆጣጠሪያ ቅጽ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ክፈቱ፣ የተተካ ኮርስ ሁሉ ከኮርስ መግለጫውና ከፈቀደው መምህር ፊርማ ጋር ይያያዝ። ከካልኩለስ በታች ያለ ሒሳብ ለ30ው አይቆጠርም። የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ መግቢያም ሒሳብ ወይም መሠረታዊ ሳይንስ አይባልም፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

ዓላማና ብቃት ይለያያሉ

ኤቤት ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቃል። አንዱ የፕሮግራሙ ዓላማ ነው፤ ምሩቁ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የት ደርሶ ይገኛል የሚለው። ሌላው የተማሪ ብቃት ነው፤ በምረቃው ቀን ምን መሥራት ይችላል የሚለው። ረቂቆች ላይ ዘወትር የሚታየው ስህተት ዓላማውን በብቃት ቋንቋ መጻፍ ነው። "ተመራቂው የምህንድስና ችግሮችን የመተንተን ችሎታ ይኖረዋል" ብቃት ነው እንጂ ዓላማ አይደለም። "ምሩቃኖቻችን የሚሠሩበትን ወይም የሚመራመሩበትን መስክ ከማኅበረሰቡ ጥያቄ ጋር አገናኝተው ቡድን ይመራሉ" ቢባል ግን ዓላማ ነው፤ ከኮሌጁ ተልዕኮ ጋርም ይያያዛል። ሦስት ይበቃሉ። ስድስት የጻፈ ክፍል ስድስቱንም በየጊዜው ከምሩቃን፣ ከአሠሪዎችና ከመምህራን ጋር ተቀምጦ መፈተሽ አለበት፤ ይህን ደግሞ ማንም አያደርገውም። የተቀመጣችሁበትን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ ያለ ቃለ ጉባኤ ስብሰባው እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ብቃቶቹን ፈልስፉ የሚላችሁ የለም። ከ2019–20 ዙር ጀምሮ የኤቤት ዝርዝር ሰባት ነው (ቀድሞ አሥራ አንድ ነበር)፦ ውስብስብ ችግር መፍታት፣ ደኅንነትንና ማኅበራዊ ጉዳዮችን ያገናዘበ ዲዛይን፣ ለተለያየ አድማጭ ማስረዳት፣ ሥነ ምግባር፣ የቡድን ሥራ፣ ሙከራና የመረጃ ትንተና፣ አዲስ ዕውቀትን በራስ መማር። እንዳሉ ውሰዷቸው። የራሳችሁን ስምንተኛ ብትጨምሩ እሱንም መለካት ግዴታ ይሆንባችኋል፤ እኛ አንመክርም።

ልኬቱ

እውቅና የሚያደናቅፈው መስፈርት 4፣ ቀጣይነት ያለው ማሻሻል የሚባለው ነው። የኮርስ ውጤት ለዚህ መለኪያ አይሆንም። ቢ ያመጣ ተማሪ ፈተናውን አሳምሮ ቤተ ሙከራውን አበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ፊደሉ ሁሉንም ጨፍልቆ ይይዘዋል።

ሙከራና ትንተናን በምሳሌ እንየው። በሦስተኛ ዓመት የመዋቅር ኮርስ ተማሪዎች አንድ የአሉሚኒየም ምሰሶ ላይ ስትሬን ጌጅ (የመለጠጥ መጠን መለኪያ) ለጥፈው፣ ክብደት እየጨመሩ ያነባሉ፣ ከቀመሩ ጋር ያነጻጽራሉ። ከሪፖርቱ ሦስት ነገር ብቻ ውሰዱ፦ የሙከራው አወቃቀር ለጥያቄው ይመጥናል ወይ፣ የልኬቱ ስህተት ወሰን ተሰልቷል ወይ፣ ንባቡ ከቀመሩ ሲለይ ምክንያቱ ተተንትኗል ወይ። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ስጡ፤ 3 ምን እንደሚመስል በሩብሪኩ (በደረጃ መስጫ ሰንጠረዡ) ላይ በዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ሁለት መምህራን አምስት ሪፖርት ለየብቻቸው ያርሙና ያነጻጽሩ፤ ከአንድ ደረጃ በላይ የሚለያዩ ከሆነ ጥፋቱ ያለው ሩብሪኩ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሁለተኛው ነጥብ ነው፦ ተማሪው "ስህተቱ 6 በመቶ ነው" ብሎ ያልፋል፤ መሣሪያው ራሱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ አልጠየቀም። የሙከራው መመሪያ ላይ የስህተት ወሰን ስሌት ጨምሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ነጥብ እንደገና ለኩ። ገምጋሚው የሚፈልገው ይህን ሰንሰለት ነው፤ ልኬት፣ ውሳኔ፣ ለውጥ፣ ዳግም ልኬት። ሰባት ሣጥን ሙሉ መረጃ ሰብስቦ አንድ ውሳኔ ያላሳለፈ ክፍል ከዚህ ያነሰ ነው።

የትንሽ ኮሌጅ ልዩ ጣጣ ቁጥር ነው። "ከተማሪዎቹ 75 በመቶው 3 እና ከዚያ በላይ ያምጡ" ብላችሁ ተመራቂው 12 ከሆነ አንድ ልጅ ከ8 በመቶ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውጤት አትደንግጡ፤ የሦስት ዓመቱን ደምሩና ወስኑ። ሰባቱንም በየዓመቱ መለካት አያስፈልግም፤ በሦስት ዓመት አንድ ዙር ብታዳርሷቸው በስድስት ዓመት ሁለት ዙር ይኖራችኋል።

ማን ይከታተል?

አንድ ሰው፣ በስም፣ የማስተማር ጫናው ተቀንሶለት። ኮሚቴ ያግዘዋል እንጂ አይተካውም። የግንቦት ውጤት እንደገባ ግማሽ ቀን ስብሰባ ያዙ፤ የዓመቱ ልኬቶች ይቅረቡ፣ ውሳኔው ማን መቼ እንደሚፈጽመው ተጽፎ ይውጣ። ስድስትና ሰባት መምህር ባለው ክፍል አንድ ሰው ለጥናት ዕረፍት ሲወጣ አስገዳጅ ኮርስ ባዶ ይቀራል። የዕረፍቱን ተራ ቢያንስ ለሦስት ዓመት አስቀድማችሁ ከኮርስ መርሐ ግብሩ ጋር አስማሙት።

የጉብኝቱ ቀን መቁጠሪያ

የግምገማ ጥያቄው ከገምጋሚዎቹ ጉብኝት በፊት እስከ ጃንዋሪ 31፣ የራስ ግምገማ ሰነዱ እስከ ጁላይ 1 ይገባል፤ ጉብኝቱ በዚያው መጸው ይሆናል። አዲስ ፕሮግራም ከጉብኝቱ በፊት ቢያንስ አንድ ምሩቅ ማስመረቅ አለበት። ግኝቶቹ በሦስት ደረጃ ይመጣሉ። ከሁሉ የሚከብደው መስፈርቱ አልተሟላም የሚለው ነው፤ ቀጥሎ ተሟልቷል ግን አስተማማኝ አይደለም የሚለው፤ ሦስተኛው ዛሬ ተሟልቷል፣ ነገ ሊጎድል ይችላል የሚል ማሳሰቢያ ነው። የግኝቶቹ ረቂቅ መግለጫ ሲደርሳችሁ ምላሽ ለመስጠት 30 ቀን አላችሁ። በእነዚህ ቀናት "ልናደርግ አቅደናል" የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም፤ የተፈረመ ቅጽ፣ የጸደቀ የኮርስ ለውጥ፣ የተቀጠረ መምህር ላኩ። ኮሚሽኑ የሚወስነው በሚቀጥለው ጁላይ ነው፤ ጉድለት ያልተገኘበት ፕሮግራም ስድስት ዓመት ያገኛል።

እውቅናው የኮሌጁ ሳይሆን የፕሮግራሙ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የሳይንስ ባችለሩ እውቅና ኖሮት የአርትስ ባችለሩ ላይኖረው ይችላል። የሙያ ፈቃድ ለማውጣት ብዙ ስቴቶች የሚያዩት ይህንኑ ስለሆነ፣ የትኛው ዲግሪ እንደተመዘነ፣ ዓላማዎቹንና ብቃቶቹን፣ የየዓመቱን የተመዝጋቢና የምሩቅ ቁጥር ድረ ገጻችሁ ላይ በግልጽ አስቀምጡ፤ ይህም ራሱ ግዴታ ነው፣ ቁጥሩ ሳይታደስ የቆየ ገጽ ደግሞ በጉብኝቱ ወቅት ይጠየቅበታል።