ከልጄ ጋር ድንገተኛ ክፍል፦ ሁለተኛው ጊዜ እንዴት ተሳካ

ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፣ በቃል አይናገርም። አምና ግንባሩ ተሰንጥቆ ድንገተኛ ክፍል ስንገባ 4 ሰው ይዞት ነው የተሰፋው። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋውን ባየ ቁጥር ጆሮውን ይዞ ይጮኻል።

ባለፈው ሳምንት ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ለምርመራ ደም መቀዳት ነበረበት። በዚህኛው ዙር ግን ቀድሜ ያዘጋጀኋት አንድ ገጽ ወረቀት ይዣለሁ። ገና ስንገባ "ሲስተር፣ መጀመሪያ ይችን ያንብቡልኝ" አልኳት። ወረቀቷ እንዲህ ትላለች፦ "ድንገት አትንኩት። አንድ ሰው ብቻ ያናግረው። ሲያመው አያለቅስም፣ እጁን ይነክሳል።" እናንተም ስታዘጋጁ የመጨረሻዋን ዓይነት በደንብ ጻፏት። ዝም ያለ ልጅ አላመመውም ተብሎ ይታለፋል።

ሲስተሯ ከአልጋው በላይ ያለውን መብራት አጠፋችልን። የጆሮ መከለያውን አደረግኩለት። ጣት የምትቆነጥጠዋን የኦክስጅን መለኪያ መጀመሪያ እኔ ጣት ላይ አደረገቻት። ቀይ መብራቷን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ራሱ ጣቱን ዘረጋ! እንባዬ መጣ።

ለመርፌው የሚያደነዝዝ የሊዶኬይን ቅባት ጠየቅኩ። እስኪሠራ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ እንደገባችሁ ጠይቁ። በጣም አጣዳፊ ከሆነ ግን አይጠበቅም። ጭኔ ላይ አስቀምጬው እስከ 10 እንደምንቆጥር ነገርኩት። ደሙ 8 ላይ ተቀድቶ አለቀ። እኔ ግን 10 እስኪሞላ ቆጠርኩ፤ ያልኩትን ካጎደልኩ ሌላ ጊዜ አያምነኝም።

ወረቀቷን ላሚኔት አስደርጌያታለሁ። ፎቶዋ ባለቤቴ ስልክ ላይም አለ።